አማካይ እጅ ያለው ማነው?

የዚህን ወር ጨዋታችንን በአንድ ትንሽ ሙከራ እንጀምር። መጽሔቱን ጭናችሁ ላይ አስቀምጡና የግራ እጃችሁን መዳፍ ወደ ላይ አድርጉ። አውራ ጣታችሁንና ትንሿን ጣታችሁን አገናኙ። ከዚያ የእጃችሁን አንጓ በትንሹ ወደ ራሳችሁ እጠፉት። በአንጓችሁ መሀል ላይ ቀጭን ገመድ የመሰለ ጅማት ተወጥሮ ብቅ አለ? አሁን ደግሞ የባለቤታችሁን፣ የልጆቻችሁን፣ ቤት ውስጥ ካሉም የአያትን እጅ ተመልከቱ። ከቤተሰቡ መካከል አንዱ ላይ ጅማቱ ጨርሶ ላይታይ ይችላል። በአንድ እጁ ኖሮት በሌላው የሌለው ሰውም አለ።

የሌለው ሰው አይደንግጥ። ይህ ጅማት ፓልማሪስ ሎንገስ ከሚባል ቀጭን ጡንቻ የሚወጣ ነው። በሕክምና መጻሕፍት በተለምዶ የሚጠቀሰው ቁጥር ከ100 ሰዎች 15 ያህሉ የላቸውም የሚል ቢሆንም ከሕዝብ ሕዝብ በጣም ይለያያል። ጅማቱ የሌለው ሰው ዕቃ ሲያነሳም ሆነ ሲጨብጥ የሚጎድልበት ነገር የለም። እንዲያውም ቀዶ ሐኪሞች ሌላ ቦታ የተጎዳ ጅማት መተካት ሲፈልጉ ብዙ ጊዜ ይህንኑ አውጥተው ይጠቀሙበታል። ባለቤቱ ሳይጎዳ የሚወጣ መለዋወጫ ነው ማለት ይቻላል።

በእኔ የማርኬቲንግ ሥራ ውስጥ «አማካይ ደንበኛ» የሚባል ሰው አለ። ዕድሜውን፣ ገቢውን፣ የልጆቹን ብዛት ወረቀት ላይ እናሰፍራለን። ማስታወቂያውንም ለእሱ ብለን እንሠራለን። ችግሩ ይህን ሰው ሱቅ ውስጥ አግኝቶት የሚያውቅ የለም። የልጆች ቁጥር አማካይ 2.4 ቢሆን 2.4 ልጅ ያላት እናት የትም አትገኝም። ሥዕሉ ለሥራ ይጠቅማል እንጂ ማንም እሱን አይመስልም። ስለ ሰውነታችን ባለን ግንዛቤም ይኸው ነው የሚገጥመን። ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የአጽም ሥዕል አማካዩ ሰው ነው። እኛ ግን ሥዕሉ አይደለንም።

ስምንቱ ትንንሽ አጥንቶች

የዓለማችን የመጀመሪያው ዝነኛ የራጅ ፎቶ የእጅ ፎቶ ነው። ጀርመናዊው ቪልሄልም ሮንትገን በኅዳር 1895 እ.ኤ.አ. ራጅን ባገኘ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የባለቤቱን የአና በርታን እጅ አነሳ። አጥንቶቿና የጣት ቀለበቷ በግልጽ ይታያሉ። ሮንትገን በ1901 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት አገኘ።

ከዚያ በኋላ ሐኪሞች የሕያው ሰውን አጥንት ሳይቀዱ ማየት ቻሉ። ብዙ ሰው ሲያዩ ደግሞ ሁሉም እጅ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ገባቸው። አልባን ኮለር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በ1910 እ.ኤ.አ. ሙሉ መጽሐፍ ያሳተመው በዚሁ ጥያቄ ላይ ነበር፤ በራጅ ላይ ጤነኛው የት ያበቃል፣ ሕመሙስ የት ይጀምራል? በ1973 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካዊው ቴዎዶር ኪትስ በሽታ የሚመስሉ ግን ተፈጥሯዊ የሆኑ የራጅ ምስሎችን ሰብስቦ አሳተመ። የዚህ መጽሐፍ የኋላ እትሞች ከ1000 ገጽ በላይ ናቸው። በሽታ የሚመስል ጤና ይህን ያህል ብዙ ነው ማለት ነው።

የእጅ አንጓ ደግሞ ለእንዲህ ዓይነቱ ልዩነት የተመቸ ቦታ ነው። በክርናችንና በመዳፋችን መካከል ሁለት ረጃጅም አጥንቶች አሉ። በአውራ ጣት በኩል ያለው ራዲየስ፣ በትንሿ ጣት በኩል ያለው አልና ይባላል። ከእነሱ ቀጥሎ በሁለት ረድፍ የተሰደሩ 8 ትንንሽ አጥንቶች አሉ። አንዱ እንደ ጀልባ፣ አንዱ እንደ ግማሽ ጨረቃ፣ አንዱ እንደ አተር ፍሬ ነው፤ የላቲን ስማቸውም የወጣላቸው በመልካቸው ነው። እነዚህ ሁሉ በጅማት ተሳስረው እርስ በርስ እየተንሸራተቱ ነው ቡና የምንቀዳው፣ ቁልፍ የምናዞረው፣ ልጅ የምናቅፈው።

በዚህ ጠባብ ቦታ ሁለት አጥንቶች ከልደት ጀምሮ ተጣብቀው ሊገኙ ይችላሉ። ብዙ ጊዜ የሚጣበቁት የጨረቃ ቅርጽ ያለው ሉኔትና ጎረቤቱ ትራይኬትረም ናቸው። ይህ በአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ ከአውሮፓውያን ይልቅ በብዛት ይታያል። አብዛኛው ሰው በሌላ ምክንያት ራጅ ሲነሳ በአጋጣሚ እስኪያውቀው ድረስ ምንም አይሰማውም። ሕመም የሚያመጣው በአብዛኛው ጥብቀቱ ሙሉ ሳይሆን ሲቀር ነው። ሙሉ በሙሉ የተጣበቀው ዝም ብሎ ይኖራል።

ራሱ ሉኔትም ሁለት ዓይነት ነው። በአንዳንዱ ሰው ላይ ከሥሩ አንድ መጋጠሚያ ብቻ አለው። በሌላው ደግሞ ሀሜት ከሚባለው አጥንት ጋር የሚገናኝበት ተጨማሪ መጋጠሚያ አለው። ሁለቱም ጤነኛ ናቸው። ሁለተኛው ዓይነት ግን በዕድሜ ብዛት በዚያች መጋጠሚያ ላይ መበላት ሊታይበት ይችላል።

የሦስት ሚሊሜትር ጣጣ

ከሁሉም በላይ በቤታችን ወሬ የሆነው ግን የአልና ርዝመት ነው። አንዳንዱ ሰው አልናው ከራዲየሱ ጋር እኩል ነው። የሌላው ያጥራል፤ የሌላው ይረዝማል። ልዩነቱ በሚሊሜትር የሚለካ ነው።

ባለፈው ዓመት እህቴ ወለደች። እናቴም እንደ ወጉ አራስ ልትጠይቅ ሄዳ በዚያው ቀረች። ውሃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር የልብስ ማጠቢያ ማሽን ቢኖርም ያው የቤት ጌጥ ነው። የሽንት ጨርቁም፣ ፎጣውም፣ የሕፃኑ ልብስም በእጅ ነበር የሚታጠበው። እናቴ አጥባ ስትጨርስ ጠብታ እስኪጠፋ ድረስ ካልጨመቀች አይሆንላትም። በሦስተኛው ወር ቀኝ አንጓዋን በትንሿ ጣት በኩል ያማት ጀመር። መጀመሪያ ጨርቅ ስትጨምቅ፣ ቀጥሎ አክንባሎ ስታነሳ፣ በመጨረሻ ጀበና ስታዘነብል።

ራጅ ተነሳች። ውጤቱ ላይ አልናው ከራዲየሱ 3 ሚሊሜትር እንደሚረዝም ተጽፏል። ወረቀቱ ቤት ሲደርስ ሁሉም ሐኪም ሆነ። አንዱ ዘመድ «አጥንቷ እያደገ ነው» አለ። ጎረቤታችን «ወጥቶ ነው፣ ወጌሻ ጎትቶ ያስገባዋል» አሉ። ውጭ አገር ያለው አጎቴ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ አንብቦ «አጥንቱ ይቆረጥ፣ ገንዘቡን እኔ እልካለሁ» ብሎ ደወለ። እናቴ በዝምታ ሁሉንም ሰማች፤ ማታ ላይ ግን ለእኔ ብቻ «እጄ ከተቆረጠ ሕፃኑን በምን ላቅፈው ነው?» አለችኝ። ለእሷ ነገሩ የሚሊሜትር ጉዳይ አልነበረም።

የአጥንት ሐኪሙ መጀመሪያ ያዘዙት መድኃኒት አልነበረም። የግራ እጇም በተመሳሳይ አቀማመጥ ራጅ እንዲነሳ አደረጉ። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ሰቅለው አሳዩን። ግራውም ልክ እንደ ቀኙ ረጅም ነበር፤ ያ እጅ ደግሞ አንድም ቀን አሟት አያውቅም። «እማማ፣ አጥንትዎ አላደገም። ከልጅነትዎ ጀምሮ እንዲህ ነው» አሏት። «የተለወጠው ሥራው ነው።»

ለምን ያማል? ለምንስ አያምም?

እዚህ ላይ ነገሩን የሚያስረዱ ቁጥሮች አሉ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በአንጓ ላይ የሚያርፈው ጫና በሁለቱ አጥንቶች መካከል እንዴት እንደሚከፋፈል ለክተው ነበር። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ከጫናው 80 በመቶ ገደማውን ራዲየስ፣ 20 በመቶ ገደማውን አልና ይሸከማል። አልናው በ2.5 ሚሊሜትር ብቻ ሲረዝም ድርሻው ወደ 42 በመቶ ይወጣል። በዚያው መጠን ሲያጥር ደግሞ ወደ 4 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ሁለት ሚሊሜትር ተኩል የሁለት ሳንቲሞች ውፍረት ቢሆን ነው።

በአልናና በትንንሾቹ አጥንቶች መካከል ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ያለው ልስልስ ትራስ አለ። አልናው ረጅም ሲሆን ትራሱ ይሳሳል፤ ጫናውም ይበዛበታል። መዳፍን ወደ ታች ማዞርና አጥብቆ መጨበጥ ደግሞ አልናውን የበለጠ ወደ ፊት ያስረዝመዋል። ጨርቅ መጭመቅ ሁለቱንም በአንድ ላይ የሚያደርግ ሥራ ነው። እናቴን ያመማት በመጭመቁ መሆኑ ለዚህ ነው።

አጭር አልናም ቢሆን ሐኪሞችን ሲያነጋግር የኖረ ነው። ሮበርት ኪንቦክ የተባለ የቪየና ሐኪም በ1910 እ.ኤ.አ. ሉኔት የምትባለው አጥንት እየሞተች የምትሰባበርበትን በሽታ ገለጸ። በ1928 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሁልቴን የተባለ ስዊድናዊ በሽታው አልናቸው አጭር በሆነ ሰዎች ላይ እንደሚበዛ ጻፈ። በኋላ በሌሎች አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ሁሉ ግን ይህንኑ አላገኙም። በመላው ዓለም አልናቸው አጭር ሆኖ ይህ በሽታ የማይነካቸው ሰዎች እጅግ ብዙ ናቸው። የአጥንት ቅርጽ ዕድልን ሊያዘነብል ይችላል፤ ብቻውን ግን ፍርድ አይሰጥም።

ከዚህ የበለጠ የሚገርመው በኤምአርአይ የሚታየው ነው። ምንም ሕመም የሌላቸው ሰዎች አንጓቸው ሲታይ በዚያ ልስልስ ትራስ ላይ መሳሳትና ቀዳዳ መታየቱ የተለመደ ነው፤ ከዕድሜ ጋርም እየበዛ ይሄዳል። እንደ ፀጉር ሽበት ቁጠሩት። ስለዚህ አንድ የሚያመው ሰው ኤምአርአይ ተነስቶ ቀዳዳ ቢገኝበት ቀዳዳው የሕመሙ ምክንያት ነው ማለት ገና አልተረጋገጠም። ሕመሙ በትክክል እዚያ ቦታ መሆኑ በእጅ ምርመራ መታየት አለበት።

የራጅ አነሳሱም ለውጥ ያመጣል። መዳፍ ከተዞረ ወይም ከተጨበጠ የዚያው ሰው አልና በአንዱ ፎቶ ረጅም፣ በሌላው እኩል መስሎ ሊታይ ይችላል። ለዚህ ነው ርዝመቱ ሲለካ ክንድ ወደ ጎን በትከሻ ልክ ተዘርግቶ፣ ክርን ታጥፎ፣ እጅ ሳይዞር የሚነሳው።

እናቴ ለስድስት ሳምንት የአንጓ ደጋፊ አሠረች። መጭመቅ ተከለከለ፤ ማጠቡም ለእህቴ ባል ተላለፈ። ቡና የሚቀዳውም እሱ ሆነ። ሕመሙ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ከባድ ነገር ስታነሳ ዛሬም ይሰማታል። ሐኪሙ እንዳሉት ሕመሙ በእረፍት ካልቻለና ከባሰ አልናውን አሳጥሮ በብረት የማሰር ቀዶ ሕክምና አለ። ለትክክለኛው ሰው ጥሩ ሕክምና ነው፤ ግን አጥንቱ እስኪጋጠም ወራት ይወስዳል፤ ብረቱም አንዳንዴ ያስቸግርና ይወጣል። ስለዚህ የሚጀመርበት ሕክምና አይደለም። ወጌሻውስ? ከተፈጥሮው የረዘመ አጥንት «የወጣ» ስላልሆነ የሚመልሱት ቦታ የለም። መጎተቱና መታሸቱ ግን የተበሳጨውን ትራስ የባሰ ሊጎዳው ይችላል።

የልጆች አንጓ ሌላ ዓለም ነው

ለወላጆች ይህን ልጨምር። አዲስ የተወለደ ሕፃን አንጓ በራጅ ቢነሳ ከስምንቱ አጥንቶች አንዱም አይታይም። የሉም ማለት አይደለም፤ ገና ወደ ጠንካራ አጥንት አልተለወጡም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት በተወለደ በጥቂት ወራት ውስጥ ብቅ ይላሉ። የመጨረሻዋ፣ የአተር ፍሬ የምትመስለው፣ ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 12 ዓመት ድረስ ታስጠብቃለች። በራዲየስ ጫፍ ላይ ደግሞ የእድገት መስመር አለ፤ በፎቶው ላይ ስንጥቅ ይመስላል። የልጃችሁን ራጅ በስልክ አንስታችሁ በቤተሰብ ግሩፕ ላይ ብትለቁት «ተሰብሯል» የሚል ሰው አይጠፋም።

ሐኪሞች ከዚህ ቅደም ተከተል የልጅን «የአጥንት ዕድሜ» ያነባሉ። በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበት የንጽጽር መጽሐፍ በ1950 እ.ኤ.አ. የታተመው የግሩሊክና የፓይል አትላስ ነው። እኔ በሙያዬ ማንኛውንም ጥናት ሳይ ቀድሜ የምጠይቀው «ናሙናው ማነው?» ብዬ ነው። የዚህ መጽሐፍ ናሙና በ1930ዎቹ በአሜሪካ ክሊቭላንድ ያደጉ፣ ከደህና ቤተሰብ የተወለዱ ነጭ ልጆች ናቸው። መጽሐፉ ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም የአዲስ አበባ ወይም የሐዋሳ ልጅ ከእነሱ በመጠኑ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ቢገኝ ያ ብቻውን በሽታ አይደለም።

የእግር ኳስ ወዳጆችም ይህን ታውቁታላችሁ። ፊፋ በ2009 እ.ኤ.አ. ናይጄሪያ ውስጥ ከተካሄደው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ጀምሮ የተጫዋቾችን አንጓ በኤምአርአይ ይመረምራል። የሚታየው የራዲየስ የእድገት መስመር ሙሉ በሙሉ መዘጋት አለመዘጋቱ ነው። ምርመራው የልደት ቀንን አይናገርም፤ መስመሩ ሙሉ በሙሉ የተዘጋበት ልጅ ከ17 ዓመት በታች የመሆን ዕድሉ እጅግ ጠባብ መሆኑን ብቻ ነው የሚያሳየው።

«ተፈጥሮ ነው» ብሎ ማለፍም አለ

እስካሁን የነገርኳችሁ ሁሉ ቸል እንድትሉ አይደለም። ሰው በመዳፉ ተደግፎ ወድቆ በአውራ ጣቱ ሥር ባለችው ጎድጓዳ ቦታ ካመመው የጀልባ ቅርጽ ያለው ስካፎይድ ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። ይህ ስብራት በመጀመሪያው ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ «ራጁ ንጹህ ነው፣ ወለምታ ነው» ብሎ መተው አደገኛ ነው። ሐኪም እጁን ደግፎ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ራጁን ይደግማል፤ ካስፈለገም ኤምአርአይ ያዝዛል። ወደዚያ አጥንት ደም በአብዛኛው የሚገባው በአንድ ጫፍ በኩል ስለሆነ ችላ የተባለ ስብራት ሳይጋጠም ሊቀር ይችላል። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ከልደት ጀምሮ ለሁለት የተከፈለ አጥንት መስሎ ያሳስታል።

ጣት ሲደነዝዝ፣ ሌሊት ሕመም ከእንቅልፍ ሲቀሰቅስ፣ አንጓ ሲያብጥና ትኩሳት ሲኖር፣ ወይም ከጉዳት በኋላ ቅርጹ ሲለወጥም ቀጠሮ አታስረዝሙ።

የምርመራ ውጤት ይዛችሁ ሐኪም ፊት ስትቀመጡ አራት ጥያቄዎች ይጠቅሟችኋል። አንደኛ፦ «የተጻፈው ነገር እኔን ከሚያመኝ ቦታ ጋር ይገጥማል?» ሁለተኛ፦ «ይህ ምንም በማያማቸው ሰዎች ላይም ይታያል?» ሦስተኛ፦ «ሌላኛው እጄ ምን ይመስላል?» አራተኛ፦ «አሁን ምንም ባናደርግና ብንጠብቅ ምን ይሆናል?» ጥሩ ሐኪም በእነዚህ ጥያቄዎች አይቆጣም፤ ብዙ ጊዜ ራሱም እየጠየቃቸው ነው።

አንድ የቤት ሥራም አለ። የቤተሰባችሁን የቆዩ የራጅ ፊልሞች አትጣሉ። ዛሬ «ምንም የለውም» የተባለ ፎቶ ከአሥር ዓመት በኋላ «ይህ አዲስ ነው ወይስ የነበረ?» የሚለውን ጥያቄ ይመልሳል። በፖስታው ላይ የማን እንደሆነ፣ ቀኑንና የየትኛው እጅ መሆኑን ጻፉበት። በሲዲ ከተሰጣችሁም ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡ። አዲስ ሐኪም ጋ ስትሄዱ የውጤት ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ፎቶውንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ወረቀቱ የአንድ ሰው ንባብ ነው፣ ፎቶውን ግን ሌላ ሐኪምም ሊያነበው ይችላል።